ወደ ምንጩ መጠጋት፦ ለፕሮግራሚንግ የሚጠቅሙ ነገሮች ከኢንተርኔት እንዴት ተፈልገው ይገኛሉ?

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር፣ ወይም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የኮምፒውተር ሱቅ ተቀምጦ ለነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ወጣት ዛሬ የሚቸገረው የሚያነበው አጥቶ አይደለም። ስለ አንድ የፓይተን ትእዛዝ ቢጠይቅ የፍለጋ ሞተሩ በቅጽበት ስፍር ቁጥር የሌለው ገጽ ይደረድርለታል፤ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ትክክል፣ የትኛው ያረጀ፣ የትኛውስ ከሌላ ተገልብጦ ማስታወቂያ የተለጠፈበት እንደሆነ ግን አይነግረውም። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ሰው እያንዳንዱ ከንቱ ገጽ፣ በተለይም እያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ፣ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የድረ ገጾችን ዝርዝር ከመደርደር ይልቅ ጠቃሚው ከማይጠቅመው የሚለይባቸውን ምልክቶች ማስረዳት ይበጃል፤ ዝርዝር ቶሎ ያረጃል፤ ምልክቶቹ ግን ብዙም አይለወጡም።

ቀዳሚው ምልክት ጽሑፉ ለሠሪው ያለው ቅርበት ነው። እያንዳንዱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋና መሣሪያ የሠሩትና የሚጠብቁት ሰዎች አሉት፤ እነዚሁ ሰዎችም የሠሩትን ነገር አጠቃቀም የሚያብራራ ይፋዊ ሰነድ ያዘጋጃሉ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን (የውጭ አገር ክስተቶችን ዓመት የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከጀማሪ ትምህርት እስከ እያንዳንዱ ትእዛዝ ዝርዝር የሚደርስ ይፋዊ ሰነድ አለው፤ ያለ ክፍያ ይነበባል፤ እንዳለ አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ድረ ገጽ መሥራት ለሚማር ደግሞ ሞዚላ በ2005 የጀመረው ኤምዲኤን የተባለው ሰነድ አለ፤ ስለ ኤችቲኤምኤል፣ ስለ ሲኤስኤስና ስለ ጃቫስክሪፕት በየገጹ ተቆራርጦ የሚገኘው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ በተሟላ መልኩ ተጽፎ ይገኛል።

ጀማሪዎች ይፋዊውን ሰነድ የሚሸሹት ከባድ ስለሚመስላቸው ነው። እውነትም ደረቅ ነው፤ እንግሊዝኛውም አያባብልም። ሆኖም ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ጥቅም አለው፤ የትኛውን ቨርዥን እንደሚመለከት በግልጽ ይናገራል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ነገር ማሳየት ይቻላል። ፕሪንት የሚለው የፓይተን ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ተጽፎ የሚታይበት ገጽ ለፓይተን 2 የተጻፈ ነው፤ የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የገጹን ኮድ ገልብጦ በፓይተን 3 ሲሞክር ስህተት ይመጣበታል፤ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ያንኑ ኮድ ሲያገላብጥ ያመሻል። ከመገልበጥ በፊት ገጹ መቼና ለየትኛው ቨርዥን እንደተጻፈ ማየት የብዙ ሰዓት ድካም ያስቀራል።

ከሰነዱ ቀጥሎ የሚመጣው ሌሎች ሰዎች ያንኑ ችግር ገጥሟቸው የጠየቁትና የተመለሰላቸው ነገር ነው። በዚህ ረገድ ከ2008 ጀምሮ የተከማቸው የስታክ ኦቨርፍሎው ጥያቄና መልስ አሁንም ትልቅ ሀብት ነው፤ ፍሬው ግን በአጠያየቁ ይወሰናል። ፓይተን ስህተት ሲያገኝ ብዙ መስመር ይጽፋል፤ የስህተቱ ዓይነትና ምክንያት ያለው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ከበላዩ ያሉት ስህተቱ የተጓዘበትን መንገድ ያሳያሉ። መፈለግ ያለበት ያ የመጨረሻው መስመር ነው፤ እርሱም ቢሆን የራስን የፋይል ስምና የራስን ተለዋዋጮች አውጥቶ፣ የቀረውን በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ፣ የላይብረሪውን (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ በራስ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ኮድ) ስም በማከል ነው። በራሱ ፎልደር ስም የሚፈልግ ሰው ምንም ባያገኝ አያስገርምም፤ ያ ስም በዓለም ላይ ያለው እርሱ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ከመልሶቹም ብዙ ድምፅ ያገኘው ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተሰጠ መልስ ድምፁን እንደያዘ ሊያረጅ ይችላል፤ ትክክለኛው መልስ ከሥሩ በጥቂት ድምፅ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ሙሉ ኮርሶች ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። የሃርቫርድ ሲኤስ 50፣ በ2014 የተጀመረው ፍሪ ኮድ ካምፕ፣ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ይፋ ያደረገው የትምህርት ክምችት ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ። ከእነዚህ መካከል የትኛው ይሻላል ብሎ ሲያማርጡ ከመክረም የጀመሩትን አንዱን መጨረስ ይሻላል። ሰርተፍኬቱ ከተገኘ በኋላ ግን ትምህርቱ የሚቀጥለው ሌሎች የጻፉትን እውነተኛ ኮድ በማንበብ ነው፤ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ለተማሪ ትልቅ በረከት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ኮዱ ለማንም ተገልጦ፣ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠውና ለሌላው እንዲያካፍለው በጽሑፍ የተፈቀደበት ሶፍትዌር ነው። ሐሳቡ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካወጀው የጂኤንዩ ፕሮጀክት ጀምሮ አድጓል፤ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ለሕዝብ አቀረበ፤ ኦፕን ሶርስ የሚለው ስያሜ ደግሞ በ1998 ተለመደ። ቶርቫልድስ የከርነሉን ለውጦች ለመቆጣጠር በ2005 ጊት የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ በጊት ላይ ተመሥርቶ በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ የዓለም ትልቁ የኮድ ማከማቻ ሆነ፤ ማይክሮሶፍትም በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ይህ ሁሉ ከወሎ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ በየጤና ተቋሙ ያሉ የመረጃ ባለሙያዎች በየወሩ የሚሞሉት ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ነው፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚያስተናግድ ክፍልም አለው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። እንዲህ ያለ በተግባር የሚሠራ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ አንድን ችግር እንዴት እንደፈቱት ማየት ብዙ ሰው የማይጠቀምበት የመፈለጊያ መንገድ ነው።

የዘመን አቆጣጠርን ካነሳን ዘንድ እርሱኑ ጠጋ ብለን እንመልከተው፤ ማንኛውም የአገራችን ፕሮግራመር ይዋል ይደር እንጂ ያጋጥመዋልና። አንድ ባለሙያ ደሴ ውስጥ ላለ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላትን ክፍያ የሚመዘግብ ፕሮግራም ይሠራል እንበል። አባላቱ ቀኑን የሚያውቁት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በውስጡ የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው። ጊትሃብ ላይ ቢፈልግ ቀን የሚለውጡ ብዙ ላይብረሪዎች ያገኛል። የትኛውን ይውሰድ?

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሚፈልገው ነገር በእጁ ያለ እንደሆነ ነው። ፕሮግራሙ በብሮውዘር ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የጃቫስክሪፕት የቀን አጻጻፍ መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠርና የወራቱን የአማርኛ ስም በውስጡ ይዟል፤ ይህን የሚያደርገው የዩኒኮድ ድርጅት ለሁሉም ያዘጋጀውን መረጃ ስለሚጠቀም ነው። ከፈረንጆች ቀን ተነሥቶ የካቲት ወይም ጳጉሜን ብሎ ለመጻፍ አንዲት ኪሎባይት ማውረድ አያስፈልግም። ይህ መሣሪያ ተገላቢጦሹን፣ ማለትም ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈውን ቀን ወደ ፈረንጆች መመለስን፣ በቀጥታ አይሠራም፤ ለዚያ ሌላ ላይብረሪ ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ የላይብረሪው ገጽ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በኮከቦቹ ብዛት ላይ ነው። ኮከብ ሰዎች ገጹን እንደወደዱት እንጂ ኮዱን እንደመረመሩት አይናገርም፤ በገንዘብ የሚገዛበትም ጊዜ አለ። የሚሻለው ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው መቼ እንደሆነ ማየት ነው፤ ቀን የሚለውጥ ትንሽ ላይብረሪ ግን ለሦስት ዓመት ሳይነካ ቢቀር ነውር የለበትም፤ የሚሠራው ሥራ አያረጅምና። የድረ ገጽ ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ያው ዝምታ አደገኛ ምልክት በሆነ ነበር። ቀጥሎ ኢሹ የሚባሉትን የችግር ሪፖርቶች ማንበብ ይገባል፤ ብዛታቸው ብዙ አያስጨንቅ፤ ባለቤቱ መልስ ይሰጣል ወይስ ሁሉም ያለ መልስ ተከምረዋል የሚለው ነው ፍሬ ነገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮዱን የሚፈትኑ ኮዶች፣ ቴስት የሚባሉት፣ አሉ ወይ? ካሉስ ምን ይፈትናሉ?

ለዚህ ሥራ ሁለት ቀኖች በቂ ፈተና ናቸው። አንደኛው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ይህች ቀን በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መዋል አለባት፤ ማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ሁለተኛው ማንም የማይረሳው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የአድዋ ድል በፈረንጆች ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ላይብረሪ ሊሰናከል የሚችለው ግን እዚህ ላይ ነው። የፈረንጆች አቆጣጠር 1900ን ሠግር ዓመት አላደረገም፤ የእኛ ግን አራት ዓመት በመጣ ቁጥር ሳያጓድል አንድ ቀን ይጨምራል። በዚህም ምክንያት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ1900 ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷል። የዛሬውን ርቀት ለሁልጊዜ የሚሆን አድርጎ የደመረ ኮድ አድዋን ማርች 2 ላይ ያውለዋል።

የቁጠባ ማኅበር በ1888 የተከፈለ ወርሃዊ መዋጮ የለውም የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ይኸው ልዩነት በፈረንጆች 2100 እንደገና ይመጣል፤ ከዚያም በላይ በዚህ የሚወድቅ ኮድ ጸሐፊው አቆጣጠሩን ሳይረዳ በግምት እንደሠራው ያሳያል። በግምት የተሠራ ኮድ ሌላም ቦታ ስህተት ይኖረዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ለየትኛውም ዓይነት ላይብረሪ እንዲሁ መልሱን አስቀድመን የምናውቀውን፣ ከባድ የሆነ አንድ ጥያቄ ይዘን መቅረብ ከመቶ ኮከብ የበለጠ ይነግረናል።

ኮዱ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ፈቃዱ ይታያል። ብዙ ወጣቶች ጊትሃብ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ እንደልብ የሚወሰድ ይመስላቸዋል። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በሩ ተከፍቶ እንደተተወ ቤት ነው፤ ውስጡ ስለታየ ዕቃው ይወሰድ ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአገራችንም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ስለዚህ በማከማቻው ውስጥ ላይሰንስ የሚል ፋይል መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ ካለ ለሽያጭ በሚቀርብ ፕሮግራም ውስጥም ማስገባት ይቻላል፤ የሚጠየቀው የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ሳያጠፉ ማቆየት ብቻ ነው። አፓቼ 2.0 ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ስለ ፓተንት (የፈጠራ መብት) የሚናገር ተጨማሪ አንቀጽ አለው። በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ጂፒኤል ግን ጠበቅ ያለ ነው። በጂፒኤል ኮድ ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም መሸጥ አይከለከልም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ለሚሰጠው ደንበኛ የምንጩንም ኮድ በዚያው ፈቃድ መስጠት ግዴታ ነው፤ ደንበኛውም ለሌላ የማስተላለፍ መብት ይኖረዋል። ለደሴ ፋርማሲዎች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ለእያንዳንዳቸው እየሸጠ መተዳደር የሚያስብ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲያውቀው ኮዱን ከሥር ነቅሎ ማውጣት ይኖርበታል።

በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞረው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርም አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። ቫይረስ ከሚገባባቸው ዋና መንገዶች አንዱ እርሱ ነው፤ ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ ደግሞ አያስፈልግም፤ ሊብረ ኦፊስ (ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ)፣ ጊምፕ (ለሥዕል)፣ ፖስትግሬስ (ለዳታቤዝ) የመሳሰሉት ከሠሪዎቻቸው በቀጥታ ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ክፍት የሆነ ኮድ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለት ግን አይደለም። በማርች 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በርቀት ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። መንስኤውን ሲከታተል በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ የሚገኘው ኤክስዚ የተባለው ፋይል መጭመቂያ፣ በቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1፣ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጀርባ በር (ሳይታወቅ ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያስችል ኮድ) እንደያዘ ደረሰበት። ያስገባው ሰው በሐሰት ስም ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ የፕሮጀክቱን ባለቤት አመኔታ ያገኘ ነበር፤ ባለቤቱም ያን ያህል የተሠራጨ ሶፍትዌር በትርፍ ጊዜው ብቻውን ሲጠብቅ የደከመ ሰው ነበር። ነገሩ በሁለት በኩል ያስተምራል፤ ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ፍሮይንድ ሥሩን ባላገኘው፤ አንድ ብቸኛ ጠባቂ ብቻ ባይኖረው ደግሞ በሩ ባልተከፈተ ነበር። አንድን ሶፍትዌር ለሥራ ስንመርጥ ስንት ሰው ይጠብቀዋል ብሎ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ከዚህ ያነሰ፣ ግን ለእኛ የበለጠ ቅርብ የሆነው አደጋ የስም ማጭበርበር ነው። ፓይተን ላይብረሪዎችን የሚያመጣው ፓይፒአይ ከተባለው ማከማቻ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ከኤንፒኤም። በሁለቱም ላይ የታወቀ ላይብረሪ ስም አንድ ፊደል ተለውጦ ክፉ ኮድ ሲቀመጥ ተደጋግሞ ታይቷል፤ አንድ ፊደል የሳተ ተማሪ ሳያውቀው ይጭነዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት አጋዦችም በዚህ ላይ ችግር ጨምረዋል፤ ጥሩ አስረጂ የመሆናቸውን ያህል የሌለ ላይብረሪ ስም ፈጥረው በሙሉ ልብ ይጠቅሳሉ። ስለዚህ የሚነግሩንን ስም ቀጥታ ከመጫን በፊት የላይብረሪውን ይፋዊ ገጽ ከፍቶ፣ ከዚያ ላይ የመጫኛውን ትእዛዝ መቅዳት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ ልዩ ጉዳይ እንምጣ። የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም፣ በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ በኋላ በነበሩት ወራትም አይቶታል። መብራትና ኔትወርክ ባለበት ቀን ያገኙትን ማስቀመጥ እዚህ የሥራው አካል ነው። ደግነቱ ከጠቃሚዎቹ ነገሮች አብዛኞቹ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበቡ ሆነው ተዘጋጅተዋል። የፓይተን ይፋዊ ሰነድ ሙሉው በጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ነው። ዚል የተባለው ነጻ ፕሮግራም የብዙ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን ሰነድ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጦ በውስጡ ለመፈለግ ያስችላል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያንና የስታክ ኦቨርፍሎውን ጥያቄና መልስ እንዳለ በፋይል ይዞ ያስነብባል፤ የእነዚህ ፋይሎች መጠን በአሥሮች ጊጋባይት ስለሚደርስ በሞባይል ዳታ የሚሞከር አይደለም፤ ፈጣን መስመር ባለበት ግቢ አንድ ጊዜ ወርዶ በሃርድ ዲስክ መከፋፈል ያለበት ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ በሚኒባስ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ አንድ ሃርድ ዲስክ የአንድ ወር ጥቅል የማያሻግረውን ያሻግራል።

ኮድ ሲወርድም መቆጠብ ይቻላል። ጊት በተለምዶ የሚያመጣው የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ታሪክ ብዙ ጊጋባይት ይፈጃል። የመጨረሻውን ይዘት ብቻ እንዲያመጣ፣ ማለትም የታሪኩን ጥልቀት አንድ ብሎ በመወሰን፣ ቢታዘዝ ግን ወደ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይወርዳል። የፓይተን ጫኚ ፒፕም ላይብረሪን ሳይጭን አውርዶ ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ የሚታዘዝበት መንገድ አለው፤ ያ ፎልደር በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ፣ ኮምፒውተሮቹ ተመሳሳይ የፓይተን ቨርዥንና ተመሳሳይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እስካላቸው ድረስ፣ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ሃምሳ ኮምፒውተር ያለው የማሠልጠኛ ክፍል አንድን ላይብረሪ ሃምሳ ጊዜ የሚያወርድበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻ የሚቀረው ስህተት ሲገኝ የሚደረገው ነው። የቀን ላይብረሪው አድዋን ማርች 2 ላይ ካዋለ፣ ሌላ መፈለግ አንድ አማራጭ ነው፤ ለባለቤቱ መንገር ደግሞ ሌላው። ኢሹ የሚባለው ሪፖርት የሚጻፈው በአጭሩ ነው፤ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ፣ ምን ቀን እንደገባ፣ ምን ተጠብቆ ምን እንደወጣ ብቻ። ኮዱ አይሠራም ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ከመጻፍ በፊት ሌላ ሰው ያንኑ አንሥቶ እንደሆነ በቆዩት ሪፖርቶች ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የተዘጉትንም ጨምሮ፤ አንዳንድ ጊዜ መፍትሔው እዚያው ተጽፎ ይገኛልና። የ1900ን የሠግር ዓመት ጉዳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቶ የተላከ ሪፖርት፣ ባለቤቱ ኢትዮጵያን በካርታ ብቻ የሚያውቃት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ስህተቱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እንዲያየውና እንዲያርመው ያስችለዋል።